ጥር በሲሸልስ

የትናየት ባሕር አይታ አታውቅም። ያየችው ትልቁ ውኃ ጣና ነው፤ እሱንም ከጎርጎራ በኩል። ቢሆንም ባለፈው ዓመት ጎንደር ውስጥ ስለ ሲሸልስ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ደሴቶቹ ከመቶ በላይ መሆናቸውን፣ ዋና ከተማይቱ ቪክቶሪያ ማሄ የሚባለው ትልቁ ደሴት ላይ መሆኗን፣ ሰዉ ክሪዮል፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ እንደሚናገር፣ መኪና በግራ እንደሚነዳ፣ ኤሊው ከመቶ ዓመት በላይ እንደሚኖር፣ የአንዱ ዘንባባ ፍሬ እስከ ሃያ ኪሎ እንደሚመዝን ታውቃለች። ወድዳ አልነበረም ያጠናችው። ምንይችል አዝዟት ነው።

ከምንይችል ጋር በፋሲል ግንብ አስጎብኚነት የጀመሩት በአንድ ዓመት ነው። እሱ መልከ መልካም፣ ምላሱ የማይታጠፍ፤ እሷ ዝምተኛ፣ ደብተር ከእጇ የማይለይ። በግንቡ ዙሪያ ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማችውን ሁሉ ዓመታት ሙሉ ጽፋለች። አንድ ቅዳሜ ምንይችል፣ "የትናዬ፣ እስኪ ያን ደብተር ሁለት ቀን አውሺኝ፤ የሰኞ እንግዶቼ ፕሮፌሰሮች ናቸው" አላት። ማክሰኞ መለሰላት። በዓመቱ ደብተሩ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ የምንይችል ፎቶ ከነስሙ።

መጽሐፉ ውስጥ "የእናኑ ደረጃ" የሚባል የግንቡ መወጣጫ አለ። እናኑ የየትናየት እናት ናቸው። አንድ ጊዜ ልጃቸውን ሥራ ቦታ ሊጠይቁ መጥተው እዚያ ደረጃ ላይ ተደናቀፉ፤ ልጅቷም ለራሷ ማስታወሻ እንዲሆናት ደብተሯ ላይ ስማቸውን ሰጠችው። ሌላ ታሪክ የለውም። ምንይችል ግን ልዕልት አደረጋቸው። ዛሬም አስጎብኚዎች በዚያ ሲያልፉ "ልዕልት እናኑ በዚህ ትወርድ ነበር" ይላሉ፤ ፈረንጁም ፎቶ ያነሣል። የትናየት ባልደረቦቿን ሰብስባ፣ "እናቴ እኮ ናት! ኮላ ድባ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው እናቴ!" ብትል ሳቁባት። አንዱ ሽማግሌ ቢጤ፣ "ቅናት ሸጋ አይደለም፣ የትናየት" ብሎ መከራት።

ከዚያ ኮሮና መጣ፤ ከኮሮና በኋላ ጦርነት። እንግዳ ቀረ። ምንይችል በመጽሐፉ ባገኘው ስም ፒያሳ ላይ የጉዞ ቢሮ ከፍቶ ነበርና፣ ፈረንጅ ባይመጣ የጎንደርን ሀብታም ወደ ውጭ መላክ ጀመረ። የትናየት ሌላ በር ስታጣ እሱ ዘንድ ተቀጠረች። ሰዉ ይቅር ያለችው መሰለው። አላለችውም። ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርክ" ስትለው የምታየው ዐይኑን ሳይሆን ጉሮሮውን ነበር።

አምና ኅዳር ላይ ምንይችል አዲስ ሐሳብ ይዞ ገባ።

"ለሙሽሮች ነው፣ የትናዬ! ከጥምቀት ማግስት ሠርግ፣ ከመልስ ማግስት ሲሸልስ! ስለ አገሩ ሸጋ አድርገሽ ጻፊልኝ። በትንሽ መጽሐፍ መልክ ለተጓዡ እናድላለን።"

ሦስት ሳምንት አነበበች። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ነገር አገኘች። ደሴቶቹ ከምድር ወገብ ወዲያ ናቸው። ዝናባቸው የሚበረታው በእኛ በጋ ነው፤ ከወሩ ሁሉ ደግሞ ጥር ይብሳል። ብቻዋን ሳቀች፤ ከስንት ዘመን በኋላ።

አንዲት ዐረፍተ ነገር ብትዘል ምንይችል አበቃለት። ነገር ግን በሥራ ዘመኗ ለእንግዳ ዋሽታ አታውቅም፤ በእሱ ምክንያት መጀመሩ ሁለተኛ መዘረፍ መሰላት። ስለዚህ ጻፈችው፦ "ጥር ከዓመቱ ሁሉ ዝናብ የሚበዛበት ወር ነው። ደረቅ ወራት የሚፈልግ ከግንቦት በኋላ ይሂድ።"

ምንይችል እዚህ ሲደርስ ብዕሩን አነሣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዝናብ ነው።"

"በጥር? እህል አውድማ ላይ እያለ? ምነው የትናዬ፣ ያ የደብተር ነገር ዛሬም አልወጣልሽም?"

"ያነበብኩትን ነው የጻፍኩት።"

"ሙቅ አገር ነው ብለሽ የለ! በጥር ዘንቦ ምን ሊያበቅል ነው?" እየሳቀ መስመሩን ሁለት ጊዜ ሰረዘው።

ምንይችል ሞኝ አልነበረም፤ ካርታ አምጥታ ብታሳየው ይገባው ነበር። ካርታው መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። መሳቢያውን አልከፈተችም። ይልቅ ድምፅዋን አለስልሳ፣ "ስምህ ሽፋኑ ላይ በትልቁ ይውጣ። ሰው ያንተን ስም ያምናል" አለችው።

"አሁን ገና ሰው ሆንሽ!" አላት።

አራት ጥንዶች ተመዘገቡ። በጉዞው ዋዜማ ከመካከላቸው አንዷ፣ ዓይናዲስ የምትባል የእንፍራንዝ ልጅ፣ እጇ ላይ ሂናው ሳይደበዝዝ ቢሮ መጣች።

"እትዬ፣ ጃንጥላ ልያዝ ወይስ ምን ይሻላል?"

ምንይችል ከወዲያ ሆኖ፣ "ጃንጥላ? ለፀሐዩ ካልሆነ!" ብሎ ሳቀ።

ልጅቷ ግን የትናየትን ነበር የምታየው። የትናየትም፣ "መጽሐፉ ላይ ያለው እሱ ያለው ነው" አለቻት።

ስምንት ቀን ቆዩ፤ ሰባቱን ቀን ዘነበ። በስልክ የሚመጣው ፎቶ ሐምሌን የመሰለ ነበር፦ ባሕሩ አመድማ፣ መንገዱ ጎርፍ፣ ወደ ሌሎቹ ደሴቶች የሚወስደው ጀልባ እንደታሰረ። የትናየት ፎቶዎቹን እንደ ዳዊት ደጋገመቻቸው።

በተመለሱ ማግስት ጠዋት ጥንዶቹ ከነዘመዶቻቸው ቢሮውን ሞሉት። ከፊት የዓይናዲስ አባት አያ አድማሴ ነበሩ፤ መጽሐፉን እንደ ዱላ ጨብጠዋል።

"አንተ! እኔ ልጄን ለሰው ዳርኩ፤ አንተ ለጎርፍ ዳርካት!"

"አያ፣ ይረጋጉ..."

"ተረጋጋ ይለኛል! ሰባት ቀን መስኮት ስታይ የከረመች ሙሽራ አይተህ ታውቃለህ?"

ምንይችል ጣቱን ወደ የትናየት ቀሰረ። "እኔ አይደለሁም! የጻፈችው እሷ ናት!"

"ስሙ ያንተ ነው እኮ" አሉ አያ አድማሴ።

"ስሙ የኔ ነው፤ ጽሑፉ የሷ ነው! እኔ መቼ ጽፌ ዐውቃለሁ? ሁልጊዜም የምትጽፈው እሷ ናት!"

ጩኸቱን ሰምተው በር ላይ ከቆሙት አንዱ የድሮ አስጎብኚ ነበር። "ሁልጊዜም?" አለ ቀስ ብሎ። "የግንቡንም?"

ምንይችል የቀሰረውን ጣት አጠፈ።

የትናየትን ጣፈጣት። አልጣፈጣትም ብዬ ልዋሽላት አልችልም።

ዓይናዲስ ግን ወደ እሷ ጠረጴዛ ቀረበች። "ታውቂ ነበር?"

"ጽፌው ነበር፤ ሰረዘው።"

"እሱን አይደለም። እዚህ ቆሜ ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?"

የትናየት የልጅቷን ፊት አየች። ይህች ልጅ ምንም አልበደለቻትም።

"ዐውቅ ነበር" አለቻት።

ዓይናዲስ አልጮኸችም። የባሏን ክንድ ይዛ በሰዉ መካከል ወጣች። የትናየት እስክትርቅ ድረስ በዐይኗ ተከተለቻት፤ አንድ ጊዜ ልትጠራት ከንፈሯን አላቀቀች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ምንይችል ዞረች።

"እስኪ ድገመው" አለችው። "እበሩ ላይ ያሉት በደንብ አልሰሙም።"