ነስሩ ያስተማረው ለቅሶ

ነስሩ ስማኝማ... ትናንት ጋሽ ታደሰ መጣ። አዎ፣ ሹፌሩ። ድምፁን ታውቀው የለ? ከለቅሶ ድንኳኑ በር ላይ ሳየው «በቃ፣ ሰፈሩ፣ ካርቲየ 5 በሙሉ ሊሰማን ነው» ብዬ ደነገጥኩ። ፊቴን ብታየው ትስቅብኝ ነበር።

ለማታውቁት፣ ነስሩ ታላቅ ወንድሜ ነው። እዚሁ ጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሥነ ጽሑፍ፣ ሃይማኖትና ታሪክ ይማር ነበር። አሞኛል ብሎ ተኛ፤ ሳምንት ሳይሞላው ቀበርነው።

አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገን አጎታችን ሐጂ ነው። የድሬ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ። የነስሩን ትምህርት አንድ ቀን እንኳ ወዶት አያውቅም። «ሥነ ጽሑፍ ሜትሩ ስንት ነው?» እያለ ይቀልድበት ነበር። እኔ ገና ሊሴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ነኝ፤ በዚህ ሳምንት የትኛው ዘርፍ እንደምገባ መናገር አለብኝ። እንደ ነስሩ መማር እፈልጋለሁ ብዬ ሐጂን ብጠይቀው፣ «ለአንድ ቤት አንድ ወሬኛ ይበቃል። አንተ ንግድ ትማራለህ» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ይሄ እንግዲህ ነስሩ ሳይታመም ነው።

ጋሽ ታደሰን ለምን ፈራሁት መሰላችሁ? አምና አያታችን ሲሞቱ መጥቶ ነበር። የናዝሬት ሰው ነው፣ ክርስቲያን፤ የሐጂን ጨርቅ ከወደብ ጭኖ ኢትዮጵያ የሚያደርስልን እሱ ነው። አያቴን በደንብ እንኳ አያውቃቸውም። ግን ገና ከመንገዱ ጫፍ «ወየው! ወየው አንበሳዬ!» እያለ፣ ደረቱን እየደቃ መጣ። ቁርአን የሚቀሩት ሰዎች አቋረጡ። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው ከቤት ወጡ። ሐጂ ተቆጥቶ ሲነሳ፣ ነስሩ ቀደም ብሎ የጋሽ ታደሰን እጅ ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው።

«ጋሽ ታደሰ፣ እኛ ጋ ለሟች አይጮህም። እንባህን ግን ማንም አይከለክልህም» አለው።

«ታዲያ ሐዘኔን የት ልጣለው?» አለ ጋሽ ታደሰ፣ የምሩን ግራ ገብቶት።

ነስሩ አልሳቀበትም። አጠገቡ ቁጭ ብሎ ናዝሬት ሰው ሲሞት ምን እንደሚባል ጠየቀው። ጋሽ ታደሰም ሙሾውን በሹክሹክታ አወረደለት... በሹክሹክታ ሙሾ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ነስሩ በኋላ ስለ ለቅሶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጥናት አቀረበ። እራት ላይም ለሐጂ ሊያስረዳው ሞከረ።

«ሙሾው ሥነ ጽሑፍ ነው። ጩኸት ክልክል የሚለው ሃይማኖት ነው። ሟቹ ኖሮ ያለፈው ታሪክ ነው። ሦስቱንም አንድ ድንኳን ውስጥ ታገኛቸዋለህ።»

«ድንኳኑን የተከራየሁት ግን እኔ ነኝ» አለ ሐጂ።

ትናንት ጋሽ ታደሰ የመጣው ብቻውን አይደለም፤ ሌሎች ሹፌሮችንም አስከትሏል። ሐጂ ገና ሲያያቸው «ሂድ፣ እንዳይጮሁ ንገራቸው» አለኝ። ሳልደርስባቸው ጫማቸውን በሩ ላይ አወለቁ። ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ተራ በተራ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ» አሉና ቁጭ አሉ። ጭጭ። ዓይናቸው ግን ደም መስሏል።

«ታደሰ... ዛሬ ዝም አልክ?» አለ ሐጂ።

«ከድኪል ከተማ ጀምሬ መስኮት ዘግቼ፣ ጋቢና ውስጥ ስጮህ ነው የመጣሁት ሐጂ። ረዳቴን ይጠይቁት፣ ጆሮውን አደንቁሬዋለሁ። እዚህ እንደማይጮህ ነስሩ አስተምሮኝ የለ? እኔ ደግሞ እነዚህን አስተማርኩ።»

ይሄኔ ሐጂ... ቀብር ላይ እንኳ እንባ ያላየንበት ሐጂ፣ «ወየው ልጄን!» ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ክው አለ። ቁርአን ቃሪው አቋረጠ። ጎረቤቶቻችን እንደገና ከቤት ወጡ።

ጋሽ ታደሰ ተንደርድሮ ሄዶ አቀፈው።

«ሐጂ... ሐጂዬ... እንባው ይውረድ፣ ድምፁን ግን ቀስ ያድርጉት። ነስሩ ይቆጣናል።»

አንዱ ሹፌር ሳቅ አመለጠው። እኔም አመለጠኝ። ሐጂ ራሱ እያለቀሰ ሳቀ።

ሲረጋጋ ዓይኑን በሽርጡ ጫፍ ጠረገና ጠራኝ።

«እነ ነስሩ ትምህርት ቤት ይሄንን ነው የሚያስተምሩት?»

«ይሄንንም» አልኩት።

«በል ግባበት። ግን እንደ ነስሩ አድርገህ ተማር» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ድንኳኑ ፈርሷል። ሁልጊዜ ከነስሩ ጋር ነበር ከቤት የምወጣው። ብቻዬን ተነስቼ ሸሚዜን ተኮስኩ። ብቻዬን ሄድኩ። ትምህርት ቤት እንደደረስኩ በቀጥታ ምዝገባውን የምትይዘው መምህርት ጋ ገብቼ «ሥነ ጽሑፍ» አልኳት።

«አስበህበታል? ለምን ይጠቅምሃል?» አለችኝ።

«ሰው ቤት እንዴት እንደሚለቀስ ያስተምራል» አልኳት። ፈረንሳይኛዬ ትንሽ ተሰባበረ... ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም።