የተለሰነው ግድብ

ባሕር ደጃፉ ላይ እያለ የአሰብ ሰው ለምን ግድብ ድረስ ሄዶ ይዋኛል ብሎ የሚጠይቅ ሰው የአሰብን ሙቀት አያውቀውም። ባሕሩ ከቀትር በኋላ ለገላ እንደተጣደ ውሃ ይሞቃል። ሕፃናት ጨዉ ዓይናቸው ውስጥ ሲገባ ያለቅሳሉ። ግድቧ ግን ጨው የሌለው ውሃ ነበራት። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ የጎርፍ መውረጃው ከጥቁሮቹ ኮረብታዎች በሚወጣበት ጠባብ ቦታ ላይ፣ ጣሊያኖች በድንጋይና በኖራ የሠሯት ትንሽ ግንብ ነበረች። ጎርፍ በመጣ ጊዜ ትሞላና ለወራት ትቆያለች። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የአገሬው ሰው፣ እሑድ ደግሞ ከመሐል አገር ለሥራ የመጣነው ምንጣፍ እያነጠፍን እንውልባት ነበር።

ይህ በአውሮፓ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ድንበሩ አልተዘጋም፤ ወደቡ ደርቶ የአዲስ አበባ መኪኖች ቀንና ሌሊት ይጫናሉ። እኔ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ባለቤቴ የከተማውን ግንባታዎች በሚጠግን ክፍል ውስጥ መሐንዲስ ነው፤ ግድቧም በእሱ እጅ ናት። በየዓመቱ ኢድ ሲቃረብ ሠራተኞች ይዞ ይሄድና ግንቧን በሲሚንቶ አስለስኖ፣ ኖራ አስቀብቶ ይመለሳል። ሰው «ምነው እንዲህ አማረች!» ሲል እኔ ራሴ የቀባኋት ይመስል ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት፣ ኢድ ሊደርስ ሲል፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከቡፌው ውስጥ የእንግዳ ብርጭቆ አንሥቶ ወጣ። ሲመለስ ብርጭቆው በውሃ ተሞልቷል። መስኮቱ ላይ አስቀመጠውና ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ከግንቧ ሥር የሚንጠባጠበው ነው።»

«እሱማ ድሮም ይንጠባጠብ የለ?»

«ድሮ ጥርት ያለ ነበር። ንጹሕ ሲሆን ግንቡ አላበው እንላለን። ሲደፈርስ ግን ውሃው ውስጥ ውስጡን መሠረቱን እየበላው ነው ማለት ነው።»

ብርጭቆው ሥር ቀይ ደለል ጣት ያህል ተኝቷል። በማግስቱ ለአለቃው ሲነግረው አለቃው ከበዓሉ በኋላ እናየዋለን አለው። እኔም ከበዓሉ በኋላ ከተባለ እንግዲህ ያን ያህል አያሳስብም ማለት ነው ብዬ ረሳሁት።

የኢድ ማግስት የመምህራኑ ሽርሽር ነበር። አዘጋጇ እኔ ነኝ። ሩዝ በሥጋ በትልቅ ድስት አሠርቼ፣ ሻይ በሄል በፔርሙስ አስሞልቼ፣ በኪራይ አውቶቡስ ሄድን። ግድቧ በሰው ተጨናንቃለች። ልጆቹ በአዲስ ልብሳቸው ይንቦጫረቃሉ። ዳይሬክተራችን የአሰብ ተወላጅ፣ የተከበሩ እናት ነበሩ፤ አጠገቤ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን በዓይናቸው ይከተላሉ። ገና ሳህን ማደል እንደጀመርኩ ግንቧ ጫፍ ላይ አንድ ሰው ቆሞ ሲጮህ ሰማን። ባለቤቴ ነበር። ጠዋት ሥራ አለብኝ ብሎ ሲወጣ በበዓል ምን ሥራ አለ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁትም።

«ከውሃው ውጡ! ልጆቻችሁን አውጡ!»

ጥቂት ሰዎች ቀና አሉ። አንዱ ወጣት ከውሃው ውስጥ ሆኖ «አንተ ውጣ፣ ፀሐይ መትቶሃል!» አለውና ሁሉም ሳቀ። ባለቤቴ ሳቁ እስኪያልቅ ቆየ።

«ስሙኝ» አለ። «ይቺ ግንብ ነጭ የሆነችው እኔ ስላስቀባኋት ነው። ከሥር ተሰንጥቃለች፤ ዛሬ ደግሞ ከሥሯ የሚወጣው ጭቃ ነው። ስንጥቁን አይቼ ነው ያስለሰንኩት፤ አምናም፣ ካቻምናም። ለበዓል ታምርልን ሲሉኝ እሺ አልኩ። አላደስኳትም፤ እናንተን ነው ያታለልኩት። አሁን ውጡ።»

የሳቀ አልነበረም። እናቶች እየተንጫጩ ወደ ውሃው ሮጡ። ዳይሬክተሯ የልጅ ልጃቸውን ክንድ ይዘው አወጡና፣ ውሃው ከቀሚሳቸው እየተንጠፈጠፈ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታውቂ ነበር?»

«ልስኑ ስንጥቅ እንደሸፈነ አላውቅም ነበር።»

እውነቴን ነው። ግን እንዲህ ስል ድምፄ እንደ ሌባ ድምፅ ተሰማኝ። የሁሉም ዓይን እኔ ላይ ነበር። በየዓመቱ ግንቧን ሲያደንቁልኝ አፌን ሞልቼ «ባሌ ነው» ያልኩት ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እሱ ግን ከግንቧ በታች ወዳለው አሸዋ ወርዷል። እዚያ የዘንባባ ጥላ ሥር ጥቂት የአፋር ቤተሰቦች ከፍየሎቻቸውና ከግመሎቻቸው ጋር ሰፍረዋል። አንድ የአዲስ አበባ ሾፌርም ተሳቢውን አቁሞ ከረዳቱ ጋር ያጥባል። ባለቤቴ በተሰባበረ አፋርኛ፣ ሲያቅተው በእጁ፣ ለሽማግሌያቸው አስረዳ። ሽማግሌው ግንቧን አዩ፤ እሱን አዩ፤ ወደ ሴቶቹ ተጣሩ። ሴቶቹ ወዲያው ጎጆዎቹ የተሸፈኑበትን ሰሌን ይገፍፉ ጀመር። ሾፌሩ ደግሞ መኪናውን ከፍ ወዳለው ቦታ አውጥቶ፣ የጎማ ብሎን የሚፈታበትን ረጅም ቱቦ ይዞ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ያቺ ከግንቧ ሥር ያለችው የውሃ ማስወጫ ትከፈታለች?»

«ዝጋለች። ከተሠራች ጀምሮ የነካት ያለ አይመስለኝም።»

«እስቲ አብረን እንሞክራታ።»

የአፋሮቹ ግመሎች ተጭነው ኮረብታው ላይ እስኪወጡ ጠበቁ። ከዚያ ቱቦውን በመዝጊያው መዘውር ውስጥ አስገብተው ባለቤቴ፣ ሾፌሩና ረዳቱ ተንጠለጠሉበት። ብረቱ እንደ አህያ ጮኸና ተንቀሳቀሰ፤ ቀይ ውሃ ከግንቧ ሥር እየተተፋ ወጣ።

ይህን ሁሉ ያየሁት ከመንገዱ ላይ ቆሜ ነው። ወደ እሱ ልውረድ ወይስ አውቶቡስ ልሳፈር እያልኩ ሳመነታ አውቶቡሱ ጥሩምባ ነፋ። ተሳፈርኩ። ያልተበላውን የሩዝ ድስት ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ እንደሆነ ከተማ ገባሁ።

ባለቤቴ ቤት ሲገባ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ጮህኩበት።

«ገመናችንን ለምን አደባባይ አወጣኸው? ለአለቃህ ብቻ ብትነግረው ምን ነበረበት?»

«ነገርኩትኮ። ጓዳ የነገርኩት ጓዳ ቀረ።»

ውሃው ሲያልቅ ከተማው ሁሉ ሊያይ ሄደ። ልስኑ በፀሐይ ደርቆ እንደ አሮጌ ቀለም እየተፈረፈረ ወደቀ፤ ከሥሩ ክንድ እስከ ትከሻ የሚያስገባ ጉድጓድ ታየ። ሰው ተራ እየገባ እጁን ይከትበታል። ባለቤቴ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረ። ገበያ ውስጥ «የልስኑ ሚስት» የሚል ሹክሹክታ ስሰማ ነጠላዬን ወደ ፊቴ እስባለሁ፤ አሣ ሳልገዛ የተመለስኩበት ቀን አለ።

በሚቀጥለው ዝናብ ከኮረብታው ትልቅ ጎርፍ መጣ። ግንቧ ከመሐሏ ተቦድሳ ሄደች። ዘንባባዎቹ ከነሥራቸው ተነቅለው ነበር፤ ሰው ግን አልተነካም። እናመሰግናለን ብሎ የመጣ አልነበረም። እንዲያውም ብዙዎች «እሱ ባይነካካት አትፈርስም ነበር» አሉ። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ አልተቆጣም።

«ሊሆን ይችላል» አለኝ። «ማን ያውቃል?»

እኔ ግን እንዲከራከር ፈልጌ ነበር።

አንድ ቀን ትምህርት ቤት ዕረፍት ላይ ዳይሬክተሯ ወደ መማሪያ ክፍሌ መጡ። ከኢዱ ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። በሩን ገርበብ አድርገው ተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ባልሽን ላስቸግረው» አሉ። «ያ ጣራ ላይ ያለው የውሃ ታንከር ከሕፃናቱ ክፍል በላይ ነው። መጥቶ ይይልኝ።»

«እሱ አሁን ዕቃ ቤት ነው፤ መሐንዲስ ይልኩልዎታል» አልኳቸው፣ ጠመኔዬን እያየሁ።

«ጥሩ ነው የሚለኝንማ ማንም ይልክልኛል» አሉ።

መጣ። መምህራኑ ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆመው መሰላሉን ሲወጣ አዩት። ጣራው ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ የታንከሩን የብረት እግር አንኳኳ፤ ከዚያ ብድግ ብሎ፣ እንደዚያን ቀን በትልቅ ድምፅ ጮኸ፦

«ዳይሬክተር! ይሄ በስብሷል። ልጆቹን ዛሬውኑ ከዚህ ክፍል አውጧቸው!»

ዳይሬክተሯ «እሺ ልጄ» አሉና ወደ ክፍሉ ሄዱ። ሌሎቹ ወደ እኔ ዞሩ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ፤ ዓይኔንም ከመሬት አላነሣሁም። ግን ሄጄ እስኪወርድ መሰላሉን ያዝኩለት።