የድንጋይ ጠራቢዎቹ ደም መላሽ

ኦርቪል ስታሻክ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የቤዝቦል ወርዋሪነት ዘመኑ ስድሳ አንድ ሰዎችን በኳስ መትቷል። ከስድሳ አንዱ አንዱንም አይጠላም ነበር፤ የአብዛኞቹንም ስም የሚያውቀው በመለያቸው ጀርባ ላይ ስለተጻፈለት ብቻ ነው። ይህን የምናገረው «ድንጋይ ጠራቢዎቹ» በሚባለው ቡድናችን ሜዳ ጥግ ተንበርክኬ ለአሥራ አንድ ዓመታት የማሟሟቂያ ኳሶቹን ስቀልብለት ስለኖርኩ ነው። ሰው ከሚስቱ ጋር እንኳ ይህን ያህል ፊት ለፊት አይተያይም።

የባቢሎን ንጉሥ ሕጉን በድንጋይ ላይ አስቀርጿል። በእኛ በኢንዲያና የወንዝ ዳር ከተሞች የሚጫወቱ የቤዝቦል ቡድኖች ግን ሕጋቸውን የትም አልጻፉትም፤ ስለዚህም ሊሽረው የቻለ የለም። የእነሱ ወርዋሪ፣ ዱላ ይዞ ኳሷን የሚጠብቀውን የእኛን መቺ በኳስ ከመታ፣ የእኛ ወርዋሪ በተራው ከእነሱ አንዱን ይመታል። የተመታው ሰው ወደ አንደኛው ቤዝ በነፃ ይሄዳል፤ ያመመውን ቦታ ግን በእጁ አያሽም፤ ማሸት መሸነፍ ነውና። ጥፋተኛው ወርዋሪ ራሱ ዱላ ይዞ ስለማይቆም ቅጣቱ የሚያርፈው በቡድኑ ምርጥ መቺ ላይ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ለዚህ ሥራ ኦርቪል ሁልጊዜ የሚመረጠው ክፉ ስለሆነ አልነበረም። የተናደደ ወርዋሪ ጭንቅላት ይመታል፤ ኦርቪል ግን የሱሪ የኋላ ኪስ ነበር የሚመታው። እዚያ ሥጋ አለ፣ ከመቀመጥ ሌላም ሥራ የለውም ይል ነበር። በበረዶው ወራት የቤት ማሞቂያ እየጠገነ የሚኖር ሰው ስለሆነ ደም መመለስንም እንደ ጥገና ነበር የሚያየው፤ ተጠርቶ ይመጣል፣ ሠርቶ ይሄዳል፣ ወለሉን አያቆሽሽም።

የሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው በሆነበት በጋ፣ አንድ ቅዳሜ፣ የተጋጣሚያችን ወርዋሪ ታይሪክ ቦሞንት የተባለውን ወጣት መቺያችንን የቀኝ እጁ አንጓ ላይ መታው። አጥንቱ ተሰበረ። ታይሪክ በሳምንቱ ወደ ትልቅ ሊግ ሊሄድ ሻንጣውን አዘጋጅቶ ነበር።

በማግስቱ ከጨዋታው በፊት አሠልጣኛችን ዱዌይን ፕሩት ኦርቪልን ወደ ክፍሉ ጠራው። ጓንት ስደረድር ነበርና ሰማሁ። በታይሪክ ምትክ ሌላ መቺ መምጣቱ ስለማይቀር፣ የቡድኑም ቁጥር የተወሰነ ስለሆነ፣ ሰኞ አንድ ወርዋሪ መሰናበት እንዳለበት ነገረው፤ ወይ ብሮዲ የሚባለው የሃያ አንድ ዓመቱ ቴክሳሳዊ፣ ወይ ኦርቪል።

«ልጁ መወርወር ይችላል፤ አንተ ደግሞ ሥራውን ታውቃለህ» አለው ዱዌይን። «ዛሬ ማወቅህን አሳየኝና ልጁን ልሸኘው።»

ኦርቪል ወጥቶ ታይሪክ ከተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ሄደ። ልጁ ቀኝ እጁ በጀሶ ታሽጎ በግራው የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል። ምን እንዲደረግለት እንደሚፈልግ ጠየቀው።

«ሰው መምታት አጥንቴን እንደማይጠግነው አውቃለሁ፣ አባባ» አለ ታይሪክ ቀና ሳይል። «ግን ዝም ብላችሁ ካለፋችሁት፣ እዚህ ቤት የሚወደኝ ሰው እንዳልነበረ ይገባኛል።»

በቀልን ደግፈው የጻፉ ነገሥታትንና ሊቃውንትን ጥቂት አንብቤአለሁ። ከዚህ ልጅ ቃል የከበደ ሙግት ግን አልገጠመኝም። ኦርቪልም አልተሟገተም፤ ከልጁ ከረጢት አንድ እፍኝ የሱፍ ፍሬ ዘግኖ አጠገቡ ተቀመጠ።

በሰባተኛው ዙር ሊወረውር ተጠራ። ሲያሟሙቅ ኳሶቹ እንደ ጨዋ እንግዳ ቀስ ብለው ጓንቴን ያንኳኩ ነበር። በጓንቴ ውስጥ ለመዳፌ መከላከያ የማደርገውን ስፖንጅ፣ ኳሶቹ ማሳመም ስላቆሙ፣ ካወጣሁት ወር አልፎኛል፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም። መደበቄ ወዳጅነት መስሎኝ ነበር።

ዱላ ይዞ የቆመው ሬጂ ቨርሁስ ነበር፤ የተጋጣሚያችን ምርጥ መቺ፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ፣ የፓስተር ልጅ። በቅዳሜው ጉዳይ እጁ የለበትም። ኦርቪል ኳሷን ጨብጦ ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ከዚያ ወረወረ። ኳሷ ቀኝ የኋላ ኪሱ ላይ አረፈች፤ በክር እንደተለካች። የእኛ ልጆች ጠብ ይነሳል ብለው አንድ እግራቸውን የመቀመጫቸው ደረጃ ላይ አድርገው ጠበቁ። ቨርሁስ አላሸውም። ጎንበስ ብሎ ኳሷን ከሣሩ አነሳና በአክብሮት ወደ ኦርቪል መለሳት።

«ምንም አይደል፣ አባት» አለው። «ከእጅህ አምልጣ ነው።»

ወደ ቤዙም ሄደ። ዳኛው ለማስጠንቀቂያ እንኳ አፉን አልከፈተም። ከእነሱ ወገን አንዱ፣ ሱሪው አቧራ ነክቶታልና የሚያራግፍለት ሰው ይፈለግ ብሎ አሳቃቸው።

ዱዌይን ወደ ሜዳው መሐል ወጣ። የተባባሉትን ኦርቪል ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ። ይህ እንደማይቆጠር ነገረው፤ በሚቀጥለው መቺ ላይ እንዲደግመውም አዘዘው።

«አሁን ግን ባለህ ኃይል ሁሉ።»

«ያለኝ ኃይል ሁሉ እሱ ነበር፣ ዱዌይን።»

ሁለቱ በወጣትነታቸው በአንድ ቡድን ተጫውተዋል። ዱዌይን የምርመራ ውጤት እንደያዘ ሐኪም አየውና ወደ ተጫዋቾቹ መቀመጫ ጥላ ተመለሰ። ኦርቪል ከዚያ በኋላ የመጡትን ሦስት መቺዎች በዘገምተኛ ኳሶች ተራ በተራ አስወጣቸው። እንዲህ ያለ ጥበብ በሌላ ቀን ያስጨበጭብ ነበር፤ ያን ቀን ግን ልብ ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ጨዋታው ሲያልቅ ታይሪክ በግራ እጁ ጨበጠው። «ለእኔ ተቆጥሯል፣ አባባ።»

«ቨርሁስ ግን አልተሰማውም» አለ ኦርቪል፣ ጫማውን እየፈታ።

ሰኞ ጠዋት ዱዌይን ሲያሰናብተው ሰበብ አልፈለገም። ያዘዝኩህን አድርገሃል፣ ሰውየውን ነክተኸዋል፣ ግን አላመመውም አለው። ኦርቪል ፈርሞ ዕቃውን ሰበሰበ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቦርሳ ገባ፤ ቦርሳውም አልሞላም። ጓንቴን እንደያዝኩ ወደ መኪናው ሸኘሁት።

ብሮዲ ኳስ በእጁ ይዞ አጥሩን ተደግፎ ይጠብቀን ነበር። ፊቱ ቀልቷል። ይቅርታ ሊጠይቅ የመጣ ይመስለኛል፤ ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ሰው ምታ ተብሎ ከታዘዘ የት ላይ መምታት እንዳለበት ጠየቀ።

«ማንንም አትምታ ብልህስ?» አለው ኦርቪል።

«አንተ እምቢ ብለሃል እንዴ?»

ኦርቪል ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ። እንዲያ ደክሞት አይቼው አላውቅም፤ በአሥራ አምስት ዙር ጨዋታ መጨረሻ እንኳ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ ጓንቴን በዳሌ ቁመት እንድይዝ በአገጩ አመለከተኝ፤ ልጁንም ኪሱ ላይ፣ ከቀበቶ በላይ በጭራሽ አለው።

ልጁ ወረወረ። ኳሷን አላየኋትም። ከባርኔጣዬ በላይ አፏጭታ አልፋ ከኋላዬ ያለውን የሽቦ አጥር ከዳር እስከ ዳር አንቀጠቀጠችው።

ኦርቪል መኪናውን አየ፤ ልጁን አየ። ከዚያ ቦርሳውን ሣሩ ላይ አስቀመጠና «እንደገና» አለው።