አርባ አንደኛው ባልና ሚስት

የመስታወት ቆራጩ ቤት ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጋር ጀርባ ለጀርባ ነው። የፊተኛዋ ክፍል የሥራ ክፍሉ ናት፤ አሮጌ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ሰፊ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ መስታወቶች፣ አንድ ጣሳ የመስታወት ማጣበቂያ ስቱኮ። የኋለኛዋ እሱና ባለቤቱ ሠላሳ አራት ዓመት የኖሩባት መኝታ ቤት ናት። ልጅ አልወለዱም።

የዩኒቨርሲቲው መስኮት በተሰበረ ቁጥር የሚጠራው እሱ ስለሆነ ምሁራኑ መጀመሪያ ያወቁት እጁን ነው። ቀስ በቀስ ጠባዩንም አወቁ። የጠየቁትን ሁሉ ሳይሰለች ይመልሳል። እንዲያውም ጠያቂው ሊነሳ ሲል "ሌላስ የለህም?" ይላል። ስለዚህ ለጥናት ሰው የቸገረው ሁሉ "ወደ መስታወት ቆራጩ ሂድ" ይባል ጀመር።

የቆዳ ሐኪሟ መጥታ የጣቶቹን ጠባሳ አንድ በአንድ ለካች። በሌላ ጊዜ አንዱ መጥቶ በቀን ስንት ብርጭቆ ውኃ እንደሚጠጣ ለአንድ ወር አስጻፈው። ስለ አሮጌ በሮች መጽሐፍ የሚጽፍ ሽማግሌ ደግሞ የበሩን ማጠፊያ ፎቶ አንስቶ፣ ቤት ሳይገባ፣ በሩን ብቻ አመስግኖ ሄደ። ሸረሪት የሚያጠናው ሰውዬ የመኝታ ቤቱን ጥግ በባትሪ አየና "እባክዎ ይህን ድር ስድስት ወር እንዳይጠርጉብኝ" አለ።

በሳምንቱ የግድግዳ ስንጥቅ የሚያጠናው መሐንዲስ መጣ። በዚያው ጥግ ከጣሪያው የሚወርደውን ስንጥቅ ሲያይ ፊቱ በራ። ጣት የምታክል ቀጭን መስታወት አስቆረጠና በስንጥቁ ላይ አጋድሞ ሁለቱን ጫፎች በሲሚንቶ ለጠፈ።

"ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል። የዚያን ዕለት ቀኑን ይጻፉልኝ። ደግሞ ይህ ድር ይጠረግ፤ አላሳይ አለኝ።"

"ድሩ እንኳ የሌላ ሰው ነው" አለ መስታወት ቆራጩ።

"የማን?"

"ከእናንተው ግቢ ነው የመጣው።"

መሐንዲሱ ስለ ሸረሪቱ ሰውዬ ሰምቶም አያውቅ። አንዱ ፎቅ፣ ሌላው ከሥሩ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንደሚሠሩ የሚያውቀው ለሁለቱም መስኮት የገጠመው መስታወት ቆራጩ ብቻ ነው። ባለቤቱ መጥረጊያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር።

"እንግዲህ ቤቴን ልጠርግ ስል የትኛውን ዶክተር ነው የማስፈቅደው?" አለች።

ሁሉም የያዙትን ነገር እስከ ሥሩ ያውቃሉ። ጣቱን የምታውቀው ግድግዳውን አታውቅም፤ ግድግዳውን የሚያውቀው ውኃውን አያውቅም። ሁሉንም ደርቦ ቤቱንና የቤቱን ሰዎች የሚያውቅ ግን አልመጣም። እንዲህ ያለ ጥናት መኖሩንም እንጃ።

ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ቅናት ይሁን ቀልድ በማይለይ ድምፅ "አንተ ስድስተኛ ክፍል ያቆምክ ሰውዬ፣ እስካሁን ስንት ዶክተር አስመረቅክ?" ይለዋል።

"ሰባት መሰለኝ።"

"እኔን አንድም ምሁር 'እንደምን አደርክ' ብሎኝ አያውቅ።"

"አንተ ሳትጠየቅ ስለምትናገር ነዋ። ምን ብለው ይጠይቁህ?"

በመጨረሻ የመጣችው ባለ ደብተሯ ናት። ሁሌ የምትቸኩል ወጣት ነበረች። የምታጠናው አብረው ያረጁ ባልና ሚስት ምን ያህል እንደሚነጋገሩ ነው። ስድሳ ቤት መርጣለች፤ እነሱ አርባ አንደኛው ናቸው። ለየራሳቸው ደብተር ሰጠቻቸው። ማታ ማታ ባል ሚስቱ በዕለቱ ያለችውን፣ ሚስትም ባሏ ያለውን ይጽፋሉ። አንዱ የሌላውን ማየት ክልክል ነው። ወር ሲሞላ መጥታ ደብተሮቹን ትወስዳለች፤ አዲስም ትሰጣለች። ጥናቱ ዓመት ይቆያል።

መስታወት ቆራጩ ደብተሩ አይሞላለትም ነበር። "'በሩን ዝጋ' አለች።" "'ሳሙና አልቋል' አለች።" ብዙውን ቀን "ዛሬም ያው ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ለእንግዳ ጥያቄ መልስ የማያጣው ሰው ቤቱ ውስጥ ዝምተኛ ነው። በቤት ውስጥ የሚጠይቀው አልነበረማ። ባለቤቱ ግን ጀርባዋን ሰጥታው፣ ጠረጴዛው ላይ አቀርቅራ፣ ገጽ እየገለበጠች ትጽፋለች። "እኔ ምን ብያት ነው ይህን ሁሉ የምትጽፈው?" እያለ ይገረም ነበር። ግን አልጠየቃትም። ክልክል ነዋ።

ሦስት ወር እንዲህ ሄደ። በአራተኛው ወር መጀመሪያ ላይ ታመመች። ወንድሟ መጥቶ ትልቅ ሆስፒታል ወዳለበት ወደ እሱ ከተማ ወሰዳት። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። እዚያው፣ ከእናቷ ጎን ተቀበረች።

ከቀብር ሲመለስ ጎረቤት አብሮት ተቀመጠ። ጎረቤትም ሥራ አለውና አንድ በአንድ ወደየቤቱ ሄደ። የመጨረሻው ሰው የወጣ ማታ መስታወት ቆራጩ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ደብተሩ በነበረበት ነው። የስቱኮው ጣሳ ከሳህኑ አጠገብ ተቀምጧል፤ እሷ ብትኖር እዚያ አይቀመጥም። ቀኑን ጻፈና ከሥሩ "'ይህን ጣሳህን ከምበላበት አንሳልኝ' አለች" ብሎ ጨመረ። ጣሳውንም አነሳ።

በማግሥቱም ጻፈ። ልጅቷ ወር ጠብቃ ስትመጣ ሊነግራት አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው።

"አባባ፣ እማማስ? ደብተራቸውን ያምጡልኝ።"

"ዓይኗን አሟታል። ከእንግዲህ አትጽፍም።"

"ውይ! ልግባና ልጠይቃቸው?"

"አሁን ተኝታለች።"

"እንግዲያው እግዜር ይማርዎት ይበሉልኝ። የእርስዎ ደብተር ይበቃኛል።"

ቢነግራት ኖሮ አርባ አንደኛው ቤት ተዘግቶ፣ ደብተሩም ተወስዶ፣ ማታውም ባዶ ይሆን ነበር። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ተንኮል የለውም። ፀጉር አስተካካዩ ልጅቷ ስትገባና ስትወጣ እያየ፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሱን ሰበሰበ።

ደብተሩ እየወፈረ ሄደ። ባለቤቱ በጽሑፍ ውስጥ ስለ ልጅነቷ ታወራለች፣ ትቀልዳለች፣ ታኮርፋለች። አንድ ማታ "'እናቴ የሞተች ጊዜ ለምን አንድ ቃል ሳትተነፍስ መስታወትህን ስትቆርጥ ዋልክ?' አለች" ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶውን አስቀምጦ "ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር" ሲል ድምፁ ባዶው ቤት ውስጥ ተሰማ። በደብተሩ ሕግ መሠረት የእሱን መልስ የሚጽፍ ሰው አልነበረም።

በዓመቱ መጨረሻ ልጅቷ እየሮጠች መጣች።

"አባባ! ከስድሳው ቤት ንግግራቸው እየጨመረ የሄደው የእርስዎ ብቻ ነው። መምህሬ 'አንድ ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል' አሉኝ። ማክሰኞ ጥናቴን አቀርባለሁ። እማማን ይዘው ይምጡ፤ ከፊት ወንበር አስይዤላችኋለሁ።"

ማክሰኞ ሊደርስ ስድስት ቀን ቀርቷል።

"ንገራት" አለው ፀጉር አስተካካዩ፣ አገጩን ቀና አድርጎ እየላጨው።

"ብነግራት ድካሟ ገደል ይገባል።"

"ባትነግራትስ? ሚስትህን ከየት አምጥተህ ነው ፊት ወንበር ላይ የምታስቀምጣት?"

ምላጭ አንገቱ ላይ ያለ ሰው ራሱንም አይነቀንቅ።

ዓርብ ዕለት መሐንዲሱ ስንጥቁን ሊያይ መጣ። ቀጭኗ መስታወት እንዳለች አለች። መስታወት ቆራጩ ከኋላው ቆመና "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለው። "ይቺ ብትሰበርና እኔ ድምፄን አጥፍቼ በሌላ ብተካት ታውቅብኝ ነበር?"

መሐንዲሱ ሳቀ። "በምን አውቃለሁ? መስታወት ቆራጩ እርስዎ ነዎት። ግን እኮ ከግድግዳው ሥር የሚተኙትም እርስዎ ነዎት። የእርስዎን አይተን 'ይህ ዓይነቱ አይወድቅም' ያልነው ሰው ሁሉ ደግሞ በየቤቱ ከሥሩ ይተኛል።"

ሰኞ ጠዋት ንጹሕ ሸሚዙን ለብሶ ወደ ግቢው ሄደ። ልጅቷን የወረቀት ክምር ውስጥ አገኛት። ወንበር ስትስብለት አልተቀመጠም።

"ልጄ፣ ባለቤቴ ከሞተች ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች።"

ልጅቷ መጀመሪያ ሐዘኑ ነው የገባት። "ውይ አባባ…" አለችና እጁን ያዘች። ከዚያ ወሩን በልቧ ስትቆጥር ታየችው። እጇ ላላ።

"ታዲያ ይህን ሁሉ የተናገረው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ።"

"አባባ፣ ምን አደረጉኝ! አንድ ምዕራፍ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ለዚህ ነው የመጣሁት።"

አላባረረችውም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። መስታወቱን ከሁለት ዓመት በፊት የገጠመው እሱ ነበር፤ እሱም የሚያየው ቦታ አጥቶ የስቱኮውን ጠርዝ አየ። "ይሂዱ አባባ፣ ልሥራበት" አለችው በመጨረሻ።

የማክሰኞው ቀረ። ምዕራፉም ከጥናቱ ተሰረዘ። ጥናቷን ያቀረበችው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ የፊት ወንበርም አልተያዘለትም። አንድ ቀን ግን ደብተሮቹን በላስቲክ ይዛ መጣች።

"ይህ የእርስዎ ነው። የእማማም ሦስቱ ደብተሮች አሉበት። የሚያስፈልገኝን ገልብጫለሁ" አለች። "የመጀመሪያው ሦስት ወር የሁለታችሁም እውነተኛ ስለሆነ አርባ አንደኛው ቤት በዚያው ይቆያል።" በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ "እግዜር ያጽናዎት። ያኔ አላልኩዎትም" አለችው። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

መስታወት ቆራጩ የሚስቱን ደብተር ቀን በብርሃን፣ በሥራ ጠረጴዛው ላይ ከፈተ። የመጀመሪያው ገጽ ትክክል ነው፦ "'ጨው አነሰው' አለ።" "'ነገ ግቢ ሥራ አለኝ' አለ።" "ዛሬ ምንም አላለም።" ሁለተኛው ሳምንት ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ "'ደክሞሻል፣ አንቺ ተቀመጪ፣ ሳህኑን እኔ አጥበዋለሁ' አለኝ።"

መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ደግሞ አነበበው። ሳህን አጥቦ አያውቅም። ገጹን ገለጠ። "'ይህ ቀሚስ ያምርብሻል' አለኝ።" "'ዛሬ መስታወት ስቆርጥ አንቺን እያሰብኩ ጣቴን ልቆርጥ ነበር' አለኝ፤ ሳቅሁበት።" የራሱን ደብተር አውጥቶ ያን ቀን ፈለገ። የቤተ መጻሕፍቱን መስኮቶች ሲገጥም ውሎ፣ ገብቶ፣ በልቶ የተኛበት ቀን ነው። "ዛሬም ያው ነው" ይላል።

ሦስቱንም ደብተር ጨረሰ። የዚያን ዕለት ደንበኛ ቢያንኳኳም አልከፈተም።

በማግሥቱ ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ ጉዳዩን ሰማ።

"ይህንንም ለልጅቷ ልትነግራት ነው?"

መስታወት ቆራጩ ማስመሪያውን አስተካክሎ መቁረጫውን በመስታወቱ ላይ ጎተተ፤ ቀጭን መስመር ቀረ።

"የኔን ተናገርኩ። ይኼ የሷ ነው።"

"ጥናቱ ስህተት ሊሆን ነዋ።"

"ይሁን።"

"የነገርከኝ የመሐንዲሱ ግድግዳ ቢወድቅስ?"

"ከሥሩ የምተኛው እኔ ነኝ" አለና መስታወቱን በመስመሩ ላይ ሰበረው።

በዓመቱ የቤተ መጻሕፍቱ አንድ መስኮት ተሰብሮ ተጠራ። ሥራውን ሳይጀምር የመጻሕፍቱን ጠባቂ ጠይቆ የልጅቷን ጥናት አስወጣ። በሸረሪትና በኩላሊት ጠጠር ጥናቶች መሀል ተሰክቶ ነበር። ብዙው አልገባውም። ከኋላ ባለው ሠንጠረዥ ስድሳው ቤቶች በቁጥር ተደርድረዋል። አርባ አንደኛው ላይ ጣቱን አቆመ። ሚስት በሚለው ሥር "ቁጥብ ናት" ይላል። ባል በሚለው ሥር "ለሚስቱ አሳቢ፣ ተጫዋች" ይላል።

መጽሐፉን መለሰ። አዲሱን መስታወት በፍሬሙ ውስጥ አስቀመጠና ስቱኮውን ዙሪያውን በአውራ ጣቱ እየተጫነ ገጠመ። ቤቱ ሲመለስ ሳህኑን አጠበ። የሸረሪቱ ሰውዬ የጠየቀው ስድስት ወር ካለፈ ቆይቷል፤ ድሩን ግን እስካሁን አልጠረገውም።