ደላላውና የእህቴ የነርስነት ፈተና

መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ነግዶ የኖረ ሰው ማመን አይሆንለትም። እኔ ደመቅ ያለ በርበሬ ሳይ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ሸክላ ነው፤ ማን ፈጭቶ ቀላቀለበት እላለሁ። ቆንጠር አድርጌ ብርጭቆ ውሃ ላይ ሳልበትን ከማንም አልረከብም። ክፉ ናት ይሉኛል። ይበሉኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው መርካቶ ሱቅ ሳይኖረው አይቀርም።

ታናሽ እህቴ ነርስ እሆናለሁ ስትል ግን ምንም አልጠረጠርኩም። እናታችን ስትሞት ገና ድክ ድክ የምትል ነበረች፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ኮሌጁ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ፣ ታቹ ብርድ ልብስ የሚሸጥበት ፎቅ ላይ ነበር። ለሱቄ ቅርብ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ጆንያ ለመረከብ ግማሽ ቀን የምከራከር ሴት፣ እህቴን ለማያውቁኝ ሰዎች ሳስረክብ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅኩም። ተመረቀች፤ ጥቁር ካባ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ ሱቄ ውስጥ ሰቀልኩት።

አዲሱ ደንብ የወጣው ያኔ ነው። የብቃት ፈተና ያላለፈ፣ ነርስ ሆኖ ሰው መንካት አይችልም ተባለ። ከሆስፒታል ጋር ውል የሌለው ኮሌጅም አዲስ ተማሪ አይመዘግብም። ያለፈ ግን መሰላል አለው፤ ጥቂት ዓመት ካገለገለ መንግሥት ዲግሪ ያስተምረዋል፣ ከዚያም በቀዶ ጥገና ይሁን በሕፃናት ስፔሻላይዝ ያደርጋል። ጎረቤቴ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ ሲያሰማን "ይሄ ነገር አለው" አልኩ። ሰው በድንገት ደግ ሲሆን እኔ ቦርሳዬን ነው የምይዘው።

እህቴ ተፈተነች፤ ወደቀች።

አንድ ቀን ሙሉ ተሸፋፍና ተኛች። እኔ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። የድሃ ልጅ ጥለው ለባለ ዘመድ ቦታ እያስለቀቁ ነው አልኩ፤ በረንዳውን በሙሉ አስጮኽኩት። ቀጥዬ ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ኮሌጁ ወጣሁ። ዲኑ በትሕትና ተቀበለኝ፤ ለስላሳ አስከፈተልኝ።

"እርስዎ አይጨነቁ፤ ችግሩ ከፈተናው ነው" አለኝ።

እኔም የመጣሁት ይህንኑ ለማለት ነበር። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን ጎረበጠኝ። ሻጭ ገና ሳልከራከረው ሲስማማልኝ ዕቃው ላይ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። "እስቲ የሚለማመዱበትን ክፍል ያሳዩኝ" አልኩት። እያመነታ ከፈተልኝ። አልጋ ላይ የፕላስቲክ ሰው ተኝቷል፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ በመጣበት ላስቲክ እንደተጠቀለለ ነው።

"እንዳይቆሽሽብን ነው" አለኝ ዲኑ።

ለስላሳውን ሳልጨርስ ወረድኩ።

ማታ እራት ላይ "ለመሆኑ መርፌ ወግተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"ብርቱካን ወግቻለሁ።"

"ሰውስ?"

"ሆስፒታል ወስደውን ነበር። ብዙ ነበርን። እኔ ከኋላ ቆሜ የነርሷን ጀርባ ነው ያየሁት።" እጇን ከትሪው ሰብስባ "ፈተናው ልክ ነው እትዬ፤ እኔ ብሆን እኔን አላሳልፍም ነበር" አለች።

በዲኑ ተናደድኩ፤ ይህን ሁሉ ዘመን ኮሌጁን ሳያይ በኖረው ፈቃድ ሰጪም ተናደድኩ። ለእህቴ ደግሞ አዘንኩላት። እንጀራው እንደቀረበ ተነሣ።

ደንቡ አንድ በር ትቶ ነበር። የወደቁት በመንግሥት ሆስፒታል ለጥቂት ወራት ተለማምደው እንደገና ይፈተናሉ፤ ያውም በነፃ። በነፃ ሲባል የጽዳት ሠራተኛ ሊያደርጓቸው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። የመጀመሪያውን ሳምንት ምሳ ይዤላት ነው በሚል ሰበብ እየሄድኩ በበሽተኞቹ ክፍል በር አጮለቅኩ። ፊቷ ኮስተር ያለ አንዲት ሲስተር ከእህቴ ጎን ቆማ፣ የአንድ ሽማግሌ ክንድ ላይ ደም ሥር እንዴት እንደምትፈልግ ስታሳያት አየሁ። እህቴ ደም ሥሩን ሳተችው። ሲስተሯ አልጮኸችባትም፤ ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቃ "እንደገና ዳስሺው፤ በዓይንሽ ሳይሆን በጣትሽ ፈልጊው" አለቻት። ከዚያ ወዲያ ማጮለቁን ተውኩት።

ከሆስፒታል የምትመለሰው እጇ ከመታጠብ ብዛት ተሰነጣጥቆ ነው። ቅቤ እየቀባሁላት ስለ በሽተኞቿ ታወራኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ ጆንያ ተደግፋ፣ በርበሬው እያስነጠሳት ታጠናለች። እንደዚያ ስትለፋ ስመለከት ደስ ይለኛል፤ ደግሞ እፈራለሁ። ዘንድሮ ካለፈች ነርስ ናት። ከወደቀች ደግሞ ያን ሁሉ ትታ ከእኔ ጋር ሚዛን ልትይዝ ነው።

ፈተናው ሲቃረብ አንድ ወሬ በረንዳው ውስጥ ተሽሎከለከ። ፈተናው ይሸጣል ተባለ፤ እዚያው መርካቶ ጭድ ተራ አንድ ደላላ አለ፣ እሱ አስቀድሞ ያወጣዋል። እንቅልፍ አጣሁ። ከነገሩ ጦም እደሩ ነበር የሚሻለው። ነገር ግን ይሄ ነገር ከተሸጠ፣ እህቴ በላቧ ብታልፍ እንኳ መልሱን ከገዛው በምን ትለያለች? ማወቅ ነበረብኝ። መርካቶ ደግሞ አንድ ዕቃ ይኑር አይኑር የሚታወቀው ዋጋ በመጠየቅ ነው። ሄድኩና ጠየቅኩ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር መርካቶ ውስጥ እንዳይገኝ እየተመኘሁ ነበር።

"አለ እትዬ" አለኝ ደላላው፣ ጥርሱን እየፋቀ። "ኦርጅናል ነው። እኔ ኮፒ አልነካም።"

"አስቤ እመለሳለሁ" ብዬው ሄድኩ።

እኛ ጋ ዋጋ ጠይቆ፣ መልስ ሰምቶ መጥፋት ነውር ነው፤ ዋጋ ከጠየቅሽ ገዢ ሆነሻል ማለት ነው። ደላላው በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በጠራራ ፀሐይ ሱቄ መጣ። "እትዬ፣ ያቺ ነገር ደርሳለች፤ ሰው እየተሻማባት ነው፤ ለአንቺ ብዬ ነው የያዝኳት" አለኝ። ወደ ውጭ ገፍቼ አወጣሁትና ድርሽ እንዳትል አልኩት። እውነቱን ይሁን፣ የማይረባ ወረቀት ሸጦ ሊያታልለኝ ይሁን፣ እስካሁን አላውቅም። ስመለስ እህቴ ከጆንያው ጀርባ ቀና ብላ አየችኝ። ተመልሳ ደብተሯ ላይ አቀረቀረች። አልሰማችም ብዬ ተጽናናሁ።

ውጤቱ የወጣ ቀን ስልኳን ይዛ ሱቅ መጣች። ከፊቷ ምንም ማንበብ አልቻልኩም።

"አለፍኩ" አለች።

እልል አልኩ። በረንዳው ሁሉ አብሮኝ እልል አለ፤ ወዛደሮቹ ሸክማቸውን አውርደው አጨበጨቡ። እህቴ ግን አልሳቀችም። ሰዉ እስኪበተን ጠብቃ ወደ ውስጥ ሳበችኝ።

"ያ ሰውዬ ማን እንደሆነ አውቃለሁ" አለችኝ። "የክፍላችንን ልጆች ሲያነጋግር ነበር። አንቺ ጋ ለምን መጣ?"

"ይሸጥ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው። አልገዛሁም።"

"በእኔ ስም የሆነ ሰው አነጋግረሽ ይሆን? ገዝተሽልኝ ከሆነ ንገሪኝ፤ አልቆጣም። ሥራ ልጀምር ነው እትዬ፤ ሰው ልነካ ነው።"

"እንዴት እንዲህ ታስቢኛለሽ? አንቺ ራስሽ አይደለሽም እንዴ ቁጭ ብለሽ የተፈተንሽው?"

"ቁጭ ብዬ ተፈትኛለሁ። አንቺ ግን የምትፈልጊውን ሳታገኚ ከዚህ ገበያ ወጥተሽ አታውቂም።"

እጄን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዘርግቼ "ራጉኤል ምስክሬ ነው፤ ገዝቼ ከሆነ ቤቴን ያፍርሰው!" አልኩ።

ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም።

"በርበሬ ስትሸጪም በእሱ ነው የምትምዪው" አለችኝ።

ሚዛኑ አጠገብ ቆሜ ቀረሁ፤ ደንበኛ መጥቶ ዋጋ ሲጠይቀኝ እንኳ አልሰማሁትም። ሰኞ ጠዋት ጋወኗን በፌስታል ይዛ ወደተመደበችበት ጤና ጣቢያ ሄደች። ዛሬ በሽተኞቿ "እጇ ቀላል ነው" እያሉ ሱቄ ድረስ መጥተው ይመርቁኛል፤ የዲግሪውንም ትምህርት ልትጀምር ነው። ያኔ አምናኝ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም።