በሰው ልብስ ያደገችው ተዋናይ

ይህቺ ወጣት ተዋናይ መድረክ ላይ አሮጊት ስትሆን፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ወንበር ሊለቅላት የሚቃጣው ተመልካች አለ። የምትሆነውን ይህን ሁሉ ሰው ከየት ለቀመችው? የቲያትር ትምህርት ቤት ደጃፍ እንኳ አልረገጠችም። ጉዱ ያለው እናቷ ልብስ ስፌት ቤት ነው።

እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ አመላቸው ደግሞ ለብቻው ነው። የደንበኛን ልብስ ከመጨረሳቸው በፊት፣ ቁመቷ ቶሎ የተመዘዘውን ልጃቸውን ያለብሷታል። ማልበስ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር።

"ባለቤቱን ሆነሽ ሂጂበት!" ይላሉ፣ እስፒል በከንፈራቸው እንደያዙ። "ዝም ብሎ ለመቆምማ ማንጠልጠያውስ ምን አነሰው?"

ልጅቱም በዳኛው ካፖርት እያጉረመረመች ትቀመጣለች፤ በነፍሰ ጡሯ ቀሚስ ወገቧን ይዛ ትነሳለች። እንዲህ እንዲህ እያለች ሰፈሩን በሙሉ ለብሳ አወለቀችው። አንድ ቀን በርእሰ መምህሩ ኮት፣ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ስትንጎራደድ ሰውየው ራሳቸው ከች አሉ። እናት እስፒሉን ሊውጡት ምንም አልቀራቸውም።

"እንዲህ ነው እንዴ የምሄደው?" አሉ ርእሰ መምህሩ። ከዚያ ወዲህ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ቀሩ።

ልጅቱ አድጋ ቲያትር ቤት ስትቀጠር እናት አኮረፉ። "ማሽኑን ማን ሊረከበኝ ነው?"

"እማዬ፣ አንዴ ብቻ መጥተሽ እዪኝ።"

"አያለሁ። ካልጣመኝ ግን በማግስቱ ማሽኑ ላይ ነሽ!"

"እሺ፣ በቃ።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ እናትና አባት ከመድረኩ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ልጅቱ የአንዲት ቁጡ እናት ሚና ይዛ ወጣች። ከንፈሯን ገጥማ በጥርሷ መሀል ትናገራለች፤ ቀኝ ትከሻዋን ሰቅላ ትራመዳለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የታክሲ ሹፌሩ አባት ሳቃቸውን ለማፈን ኮፍያቸውን ነከሱ።

"ይቺን ሴትዮ የት ነው የማውቃት?" አሉ እናት። "ትከሻዋ ተዛንፏል እኮ! በግራ በኩል ትንሽ ስፖንጅ ቢገባበት..."

"እቤት መስታወት አለን አይደል? እዚያ ነው የምታውቂያት" አሉ አባት።

የእናት እጅ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ ትከሻቸው ሄደ። ቲያትሩ እስኪያልቅም ከዚያ አልወረደም።

ልጅቱ ከመድረክ ጀርባ ፊቷ አመድ መስሎ ጠበቀቻቸው። "እማዬ... እንዴት ነው?"

እናት የቀሚሷን ጠርዝ ገልብጠው ስፌቱን አዩ።

"ማሽኑን እኔው እቀጥላለሁ" አሉ። "ግን እኔን ለመሆን ይህን ዘባተሎ ለብሰሽ? ነገ ነይ፣ ልለካሽ።"