ባለቤቴን በስማቸው የጠራሁ ለት

እኔ የምልሽን ብቻ ጻፊ፤ ከራስሽ አትጨምሪ።

ይች የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። ጎንደር ከተማ ነው የምትማር። ለእረፍት እኛ ዘንድ መጥታ፣ ደጅ ተቀምጣ እንግሊዝኛ ስታነበንብ፣ "ምንድን ነው እሱ?" አልኋት።

"ተውላጠ ስም ነው እምዬ። በስም ቦታ የሚገባ ቃል። 'ሂ' ማለት እሱ፣ 'ሺ' ማለት እሷ፣ 'ዩ' ማለት አንች።"

"አንቱስ?"

"እሱም 'ዩ' ነው።"

"ለቄሱም 'ዩ'፣ ለውሻውም 'ዩ'?"

"አዎ።"

"ኧረ ጉድ! የሚቆጣቸው ሰው የለም?"

ነገሩ ግን ገባኝ። ምነው አይገባኝ? እኛ ዘንድ ሚስት የባሏን ስም መጥራት ነውር ነው። ከተዳርሁ ጀምሮ ባለቤቴን "አንቱ" ስላቸው "አቤት" ይላሉ። "እሳቸው" ካልሁ ጎረቤቱ ሁሉ ማንን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል።

"ይኸንማ ሳልማር ነው የማውቀው" አልኋት።

"መጀመሪያ ግን ስሙ መጠራት አለበት እምዬ። አለዚያ ማን እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

"ላላወቀ ነዋ!" አልኋት።

በሳምንቱ እኔ፣ ልጅቱና እሳቸው ሦስታችን ማክሰኝት ገበያ ወረድን። ሽንብራችንን ሸጠን ማኪና ተሳፈርን፤ እሳቸው የሉም። በሬ አያለሁ ብለው ከብት ተራ ገብተው ቀሩ። ወደኛ የሚሄድ ሌላ ማኪና የለም፣ እግራቸው ደግሞ ያማቸዋል። ረዳቱ "እንሂድ!" ይላል። ወርጄ "አንቱ! ኧረ አንቱ!" ብዬ ጮህሁ።

የገበያው ሽማግሌ ሁሉ ዞረ። አንዱማ በሬውን እየጎተተ መጣ።

"እኔን ነው?"

"አንቱን አይደለም!"

"ታዲያ ማነው አንቱ?"

ልጅቱም ወርዳ "አባባ!" ብላ ብትጮህ ሌላ ሁለት ሽማግሌ መጣ። ረዳቱ በሳቅ ፍርስ አለ። "እማማ፣ ሰውየው ስም የላቸውም?"

የማኪናው ሞተር ተነሳ። ልጅቱ እጄን ይዛ "እምዬ፣ ስሙን!" አለች። መጀመሪያ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ጠራሁ፤ ማን ይስማ? ኋላ ነጠላዬን አንስቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ገበያው እስኪሰማ ጠራኋቸው።

ከከብቱ መሀል እያነከሱ በሩጫ መጡ፤ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተ፤ ማኪናው ሊሄድብን ነው።"

"ታዲያ ምነው ስሜን ጠራሽው?"

ተሳፍረን እኔ በኀፍረት ተሸፋፍኜ ተቀመጥሁ። መንገዱን ስናጋምስ እሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "እስቲ አሁን ቀስ ብለሽ ድገሚው" አይሉኝም?

"አንቱ! ሰው ይሰማል!"

ይኸው አሁን ልጅቱ ብዕሯን አቁማ፣ "ስማቸውን ማን ብዬ ልጻፍ?" ትለኛለች። "እሳቸው" ብለሽ ጻፊ። በሩ ሥር ቆመው፣ እጠራው እንደሆነ እየሰሙ ነው።